ከፍ ያለ የእንግሊዝኛ ቃላት ክምችት፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ጥያቄ፦ ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) እየተዘጋጀሁ ነው። ከባድ ከባድ ቃላት ካልተጠቀምኩ ውጤቴ ይቀንሳል?

መልስ፦ በጽሑፍ ፈተናው የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ መመዘኛዎች አንዱ ነው፤ 25 በመቶ ይይዛል። ያልተለመዱ ቃላት ያግዛሉ፣ ያለቦታቸው ከተሰኩ ግን ጭራሽ ያስቀንሱሃል።

ጥያቄ፦ ስንት ቃል ይበቃኛል?

መልስ፦ የቃላት ትምህርት ተመራማሪው ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት፣ ልቦለድና ጋዜጣ ያለ እርዳታ ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል ይላል (ዋናው ቃል ከነእርባታው እንደ አንድ ተቆጥሮ)። አትደንግጪ። ለትምህርት ከሆነ አቨሪል ኮክስሄድ በ2000 ካወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ጀምሪ፤ 570 ቤተሰብ ብቻ ነው፣ የአካዳሚክ ጽሑፍን 10 በመቶ ያህል ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ ሳነብ ይገባኛል፤ ስጽፍ ግን ቃሉ አይመጣልኝም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብዛኛው ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ከነጓደኞቹ ስላልያዝከው ነው። እኛ ዝናቡንም ነፋሱንም «ኃይለኛ» እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ዝናቡን «ሄቪ»፣ ነፋሱን «ስትሮንግ» ይላል። ስለዚህ «ሚቲጌት» የሚል ቃል ስታገኝ «መቀነስ፣ ማቅለል» ብለህ አትለፈው። «ሪስክ»፣ «ኢምፓክት»፣ «ዳሜጅ» ከሚሉት ጋር አብረህ ጻፈው፤ አብሯቸው የሚውለው ከእነሱ ጋር ነውና። ከዚያ ስለ ራስህ ሥራ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሥራበት። በነጋታው ቃሉን ሸፍነህ ዓረፍተ ነገሩን ሙላ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እጅህ ላይ የሚቀረው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጥያቄ፦ አንኪስ (ቃላትን በካርድ እየደጋገመ የሚያስከልሰው መተግበሪያ) እንዴት ነው?

መልስ፦ ካርዱን ራስሽ ከሠራሽው በጣም ጥሩ ነው። ሌላ ሰው ያዘጋጀውን የብዙ ሺህ ቃላት ጥቅል አውርዶ መጀመር ግን የክለሳ ክምር ያመጣብሽና በሳምንቱ ትተዪዋለሽ።

ጥያቄ፦ የላቲን ሥረ ቃላት ማጥናት ያዋጣል?

መልስ፦ ለግምት ያህል። «ስፔክት» ማየት መሆኑን ካወቅህ «ኢንስፔክት» እና «ሪትሮስፔክት» አይከብዱህም። ግን «ኢን» ሁልጊዜ አፍራሽ አይደለም፤ «ኢንፍላመብል» የተጻፈበትን ጣሳ «የማይቀጣጠል» ብሎ እሳት አጠገብ ያስቀመጠ ጉድ ይፈላበታል። ትርጉሙ «በቀላሉ የሚቀጣጠል» ነው።

ጥያቄ፦ ፊልም ማየት ብቻውን ይበቃል?

መልስ፦ ለጆሮ እንጂ ለዚህ አይበቃም፤ በንግግር የሚደጋገሙት የተለመዱት ቃላት ናቸው። አንድ ርዕስ ይምረጡና በዚያው ላይ አምስት ስድስት ጽሑፍ ያንብቡ፤ ያው ቃል እየተመላለሰ ይመጣልዎታል።