«የሦስት ሲሊንደር ጠባይ ነው» ብለህ ደንበኛ አትሸኝ

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን ባጭሩ ላስረዳ። ጸሐፊው የ23 ዓመት ወጣት ነው። በአውቶሞቲቭ ደረጃ 4 ጨርሶ የብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፏል፤ ጎንደር አዘዞ ውስጥ አንድ ጋራዥ ከገባ ሁለት ዓመት ሆነው። በቅርቡ የአንዲት መምህርት ያሪስ መኪና ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘውንና የሚለያየውን) ይቀይራል። መኪናዋ ከዚያ በኋላ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጧት) መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ነዳጅ ሲሰጧት ደግሞ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ዳሽቦርዱ ይነዝራል። ቆማ በዜሮ ማርሽም ያው ነው። አለቃው ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች አስቀየረ፣ ለውጥ የለም። ለካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ኮይል አስቀየረ፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ «ሦስት ሲሊንደር ነው፣ ጠባዩ ነው» ተብለው መምህሯ ተሸኙ፤ የዕቃው ዋጋም ከልጁ ደመወዝ ተቆረጠ። አባቱ «ድሮም ብዬህ ነበር፣ ይህን ቅባት ትተህ አካውንቲንግ ተማር» ይሉታል። አዲስ አበባ ያለው አጎቱ ሲኖትራክ እንዲነዳ ጠርቶታል። የኤሌክትሪክ መኪና መምጣትም ያሰጋዋል። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳው ግን ይህ ነው፦ «ይህን ማግኘት ያቃተኝ ለሙያው ስላልተፈጠርኩ ይሆን?»

አይደለም ወንድሜ። ላጽናናህ ብዬም አይደለም፤ ማስረጃው ራስህ በጻፍከው ውስጥ አለ። «ካምቢዮውን ስንመልስ የሞተሩ ጎማ አልገጥም ብሎን በብረት እየገፋን ነው ብሎኑን ያስገባነው፤ ከዚያ ይሆን እንዴ ብዬ ብጠይቀው አለቃዬ ዝም በል አለኝ» ብለሃል። (ለአንባቢዎች፦ ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ ነው፤ የሞተር ጎማ ደግሞ ሞተሩን ከቦዲው ጋር የሚይዘው ላስቲክ ነው እንጂ የመንገዱ ጎማ አይደለም።) የምትፈልገውን አግኝተኸው ነበር። የጎደለህ እስከ መጨረሻው የምትከተልበት ሥርዓትና አፍህን የምትከፍትበት ድፍረት ነው። ሁለቱም ይለመዳሉ።

«የሦስት ሲሊንደር ጠባይ ነው» የሚለው አባባል ከፊሉ እውነት ነው፤ ጎጂ ያደረገውም ይኸው ነው። የዚህ ያሪስ ሞተር ሦስት ሲሊንደር (ነዳጅ የሚነድበት ክፍል) ብቻ ስላለው ሚዛኑ እንደ ባለ አራቱ አይሆንም፣ ከዳር እዳር የመወዝወዝ ባሕርይ አለው። የሞተር ጎማዎቹ የተሠሩትም ይህን ውዝዋዜ ውጠው ወደ ቦዲው እንዳያሳልፉ ነው። ነገር ግን መምህሯ መኪናቸውን ወደ እናንተ ሲያመጡም ሞተሩ ሦስት ሲሊንደር ነበር። ያኔ ያልነበረ መንቀጥቀጥ ካሁኑ ሥራ በኋላ ከመጣ፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው «እጃችን የት የት ነካ?» ነው። ካንዴላ አልነካችሁም። ኮይል አልነካችሁም። ካምቢዮ አወረዳችሁ፣ ጎማ ፈታችሁ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫውን) አላቀቃችሁ፣ ፍሪሲዮን ለወጣችሁ። ፍለጋው የሚጀምረው ከእነዚህ ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ ላሳይህ፤ ከስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ከሚያነበው መሣሪያ) ይቀድማልና። በደቂቃ 800 ዙር ላይ ያለ ሞተር በሴኮንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሦስቱ ሲሊንደሮች በየሁለት ዙሩ አንድ አንድ ጊዜ ስለሚነዱ በሴኮንድ 20 ምት ይሆናል። አንዱ ሲሊንደር ሥራ ቢያቆም ግን ክፍተቱ የሚመጣው በየሁለት ዙሩ አንዴ ነው፤ በሴኮንድ 7 እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ዝግ ያለውን ውዝዋዜ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው በገላው ይለየዋል፤ መኪናዋ ትንገጫገጫለች እንጂ አትነዝርም። 2,000 ላይ ምቱ በሴኮንድ 50 ይደርሳል፤ ያ የምትሰማው ዝዝታ ነው። አንተ የጻፍከው «መሪው ላይ እጄን ሳደርግ ደቃቅ ንዝረት» ነው። ሦስቱም ሲሊንደሮች እየሠሩ ነው ማለት ነው። ንዝረቱ አዲስ የተፈጠረ ሳይሆን ድሮም የነበረው፣ አሁን ወደ ቦዲው መሻገሪያ ያገኘ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ገንዘብ አያስፈልግህም። ሞተሩ እየሠራ የአንዱን ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨውን) ሶኬት ለአፍታ ነቅለህ መልስ፣ ከዚያ የሁለተኛውን፣ ከዚያ የሦስተኛውን። (ኮይሉን አትንቀል፤ ያልነደደ ቤንዚን ወደ ማርሚታው ወርዶ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊስት ያበላሻል።) በእያንዳንዱ ላይ ሞተሩ እኩል ከወረደ የሞተ ሲሊንደር የለም። ቀጥለህ የፍሪሲዮን ፔዳሉን ርገጥ። ንዝረቱ ከተለወጠ ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ኩሽኔታው (ቤሪንጉ) ተመልከት፤ ካልተለወጠ ወደ ጎማዎቹ ሂድ። ካምቢዮውን ከሥሩ በእንጨትና በክሪክ ደግፈህ የጎማዎቹን ብሎኖች ሳታወጣ አላላ፤ ሞተሩን በእጅህ ወዝውዘው ራሱ ቦታውን ይያዝ፤ ከዚያ በመመሪያው ልክ አጥብቅ። በግድ ተጣሞ የታሰረ ጎማ የመለጠጥ አቅሙን አስቀድሞ ጨርሷል፤ ብረት ከብረት ጋር እንደታሰረ ይቆጠራል። የማርሚታውንም ማያያዣ እንዲሁ አላልተህ መልስ፤ ሞተሩ ሲጣመም እሱንም ይዞት ሄዷልና። አንድ ሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ቦዲውን ከነካ ብቻውን 2,000 ላይ ሊዘፍን ይችላል፤ በጓንት ያዝ እያደረግህ ስማው።

ስካነር ግዛ እንጂ አትደገፈው። ፒ 0301 ብሎ አንደኛው ሲሊንደር እየሳተ መሆኑን ይነግርሃል፤ ጎማ ተጣሞ መታሰሩን ግን የሚያውቅበት ሽቦ የለውም።

በዚህ ጉዳይ የምቆጣበት ምክንያት አለኝ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተር ስጠግን ነው የኖርኩት። ገጠር ውስጥ ወፍጮ ሲቆም የሚቆመው የአንድ ቀበሌ እንጀራ ነው፤ ዕቃ እየቀያየሩ መሞከር የሚባል ቅንጦት አልነበረም። ከመቼ ጀምሮ? ማን ነካው? ምን ሲሆን ይብሳል? ይህን ሳይጠይቅ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው አብሮን አይሠራም ነበር። ዛሬ ከፒያሳ አዘዞ፣ ከአዘዞ ማራኪ ጋራዥ ለጋራዥ የሚንከራተት ባለመኪና ሳይ ያንገበግበኛል። ካንዴላ ሸጡለት፣ ኮይል ሸጡለት፣ ሕመሙን ግን የሰማለት የለም። ይኸው መኪና ሚኒባስ ቢሆን፣ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ሊገባ ሰው ጭኖ ቢነሳስ? ከጥገና በኋላ የመጣ ንዝረት አንዳንዴ ያልጠበቀ ብሎን ነው። «ጠባዩ ነው» ብሎ መሸኘት ነውር ነው።

ስለዚህ ምክሬ፦ እዚያው ሙያ ላይ ቆይ፣ ግን መርማሪ ሁን። ዕቃ ፈትቶ የሚያስር ሞልቷል፤ ድምፅ ሰምቶ የሚያገኝ ሰው ግን ሌሎች ጋራዦችም ይልኩለታል። ደብተር ያዝ። እየተንቀጠቀጠ ለሚመጣ መኪና ሁሉ ከዚያ በፊት ምን እንደተሠራበት፣ በስንት ዙር እንደሚብስ፣ በመጨረሻ ምን እንደተገኘ ጻፍ። አለቃህን ደንበኛ ፊት አትከራከረው፤ ማታ ስትዘጉ «ጋሼ፣ የመምህሯን መኪና በእረፍቴ ሰዓት ጎማውን ላላላው?» በለው። እምቢ ካለና ሁልጊዜም እምቢ የሚል ከሆነ ጋራዥ ቀይር፤ ሙያ አትቀይር።

አባትህን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። የደንቢያውን መሬት አከራይተው የማታ አካውንቲንግ ሊያስተምሩህ መነሳታቸው ከፍቅር ነው፤ ሐሳቡ ግን ስህተት ነው። ቢሮዬ በር ላይ ተራ ከሚጠብቁት ውስጥ የአካውንቲንግ ዲግሪ የያዙ ብዙ ናቸው፤ ሥራ ፍለጋ ነው የሚመጡት። አንተ ሥራ አለህ። የሚያስከፋቸው ገቢህ ሳይሆን ልብስህ ላይ ያለው ቅባት ይመስለኛል፤ ለጎረቤት ዓይን ሲባል ደግሞ መሬት አይከራይም። ገንዘቡ የግድ ለትምህርት ይውጣ ካሉ በመኪና ኤሌክትሪክና በምርመራ መሣሪያ ላይ ለሚሰጥ አጭር ሥልጠና ይሁን፤ ዲግሪም ከተፈለገ መካኒካል ይሁን፣ ከሥራህ ሳትወጣ። ይህን በአክብሮት ንገራቸው፤ ከከበደህ ይዘሃቸው ና፣ እኔ እነግራቸዋለሁ።

የአጎትህን ሲኖትራክ አልመክርህም። ሾፌርነት የተከበረ ሥራ ነው፣ የአንተ ሙያ ግን አይደለም።

የኤሌክትሪክ መኪናው ስጋት እውነት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያሉ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። ያ ማለት ግን አሁን መንገድ ላይ ያሉት ያሪስና ኮሮላዎች ምትክ ስለማያገኙ ከበፊቱ የበለጠ ይጠገናሉ ማለት ነው። የኤሌክትሪኩም ኩሽኔታ፣ የሞተር ጎማና ሰሚያሲ (እግሩን የሚያዞር ዘንግ) አለው፤ እሱም ይነዝራል።

ስለ ደመወዝህ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ፣ አንተም በጽሑፍ ካልተስማማህ፣ አሠሪ ከደመወዝህ መቁረጥ አይችልም። በሚቆረጥበት ጊዜም ድምሩ ከወር ደመወዝህ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የተቆረጠውን መጠንና ቀን ጻፍ፤ አለቃህን በጽሑፍ ጠይቀው፤ መልስ ከነፈገህ ወረቀቱን ይዘህ የሠራተኛ ጉዳይን ወደሚመለከተው የከተማው መሥሪያ ቤት ሂድ።