«አያቴ መጡ» ስንት ሰው ነው?

ስለ ኤሴክሹዋል ሰዎች፣ ማለትም ማንንም ለወሲብ ስለማይመኙ ወይም እምብዛም ስለማይመኙ፣ እና «እሱ» ወይም «እሷ» ከመባል ይልቅ በእንግሊዝኛ «ዘይ» (እነሱ) በሉኝ ስለሚሉት በአንድ ላይ ጠየቃችሁኝ። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። አንዱ፣ ሰው ማንን ይመኛል የሚል ነው፤ ሌላው ምን ተብሎ መጠራት ይፈልጋል የሚል። ብዙ ኤሴክሹዋሎች እንደማንኛችንም «እሱ» ወይም «እሷ» ነው የሚባሉት።

ጥያቄ፦ ኤሴክሹዋል ማለት እንደ መነኩሴ ነው?

መልስ፦ አይደለም። መነኩሴ ቃል ገብቶ ስሜቱን ይገታል። ኤሴክሹዋል ግን ከመነሻው ማንንም አይቶ ለወሲብ አይመኝም፤ ቢመኝም ከስንት አንዴ ነው። መጾምና አለመራብ ይለያያሉ አይደል?

ጥያቄ፦ በሽታ ቢሆንስ?

መልስ፦ የነበረው ፍላጎት ድንገት ጠፍቶበት የተጨነቀ ሰው ሐኪም ቢያይ ጥሩ ነው። ኤሴክሹዋሉ ግን የጠፋበት ነገር የለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው የምርመራ መመሪያ፣ ራሱን ኤሴክሹዋል ነኝ የሚል ሰው የፍላጎት ማነስ ሕመም አለበት እንዳይባል ተጽፏል።

ጥያቄ፦ ብዛታቸውስ?

መልስ፦ ካናዳዊው ተመራማሪ አንቶኒ ቦጋርት በ2004 እ.ኤ.አ. ከ18 ሺህ በላይ ብሪታንያውያን የመለሱትን መጠይቅ አይቶ ነበር። 1 በመቶ ያህሉ ማንንም ተመኝተው አያውቁም።

ጥያቄ፦ አያገቡም ማለት ነው?

መልስ፦ የሚያገቡም የማያገቡም አሉ። ብዙዎቹን ፍቅር ይይዛቸዋል። የሚያማርራቸው ሠርግ ላይ «ያንተንስ ድግስ መቼ ነው የምንበላው?» ብሎ የሚጀምረው ዘመድ ነው። «የምትሆንህን ስላላገኘህ ነው» ብሎ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ የምኖር እናት ነኝ። የልጄ አስተማሪ «ዘይ በሉኝ» ይላሉ። አንድ ሰው እንዴት ብዙ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን መልሰሽ አንብቢው። «ይላሉ» ብለሻል። አስተማሪው አንድ ናቸው፤ ግሱ ግን የብዙ ነው። ወንድ ይሁኑ ሴት አልነገርሽኝም፤ እኔም ሳይጨንቀኝ ገባኝ። «ልጆቹ መጡ» እንላለን፣ «አያቴ መጡ» እንላለን። ስንት አያት መጡ? እንግሊዝኛውም ቢሆን ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ «ዘይ»ን ለአንድ ሰው መጠቀም ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። «ዩ» ራሱ ድሮ የብዙ ነበር፤ ለአንድ ሰው «ዛው» ነበር የሚባለው። በእርግጥ የእኛ አንቱታ ለክብር ነው፤ የእነሱ ጾታን ላለመጥራት ነው። ሰዋስው ላይ ግን ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ በአማርኛስ ምን እንበል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ጣጣ አለ። ፊንላንዶች «ሀን» ብለው ወንዱንም ሴቷንም ይጠራሉ። ስዊድኖች «ሄን» የሚለውን በ2015 እ.ኤ.አ. መዝገበ ቃላታቸው ውስጥ አስገብተዋል። እኛ ጋ ስም ብቻ መጥራትም አያድንም፤ «መጣ» ወይም «መጣች» ሲባል ግሱ ያጋልጣል። የ20 ዓመት ጓደኛን «እሳቸው» ማለት ደግሞ ያስቃል። «ሰውየውን ራሱን ጠይቁት» ልላችሁ ነበር፤ አያችሁ፣ እኔም ተያዝኩ።