ድሃ ስለሆንኩ መውለድ የለብኝም?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ጎንደር፣ አዘዞ ነው የምኖረው። ሰው ቤት ልብስ እያጠብኩ፣ እንጀራ እየጋገርኩ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ አስገብቼ ደሙ አልቆም ሲለኝ ላስወጣው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ባለሙያዋ «ጊዜው አልደረሰም፣ ደግሞ ብትወልጂ በምን ልታሳድጊ ነው?» ብላ መለሰችኝ። አማቴ በበኩላቸው «ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ጨምሪ» ይሉኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው? (ስሜ ይቆየኝ)

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም። የሦስት ወይም የአምስት ዓመት የሚባለው መድኃኒቱ ቢበዛ የሚሠራበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት ማስወጣት መብትሽ ነው። የደም መዛባትም የታወቀ ችግር ስለሆነ ሊያዩሽና ከፈለግሽ ሌላ ዘዴ ሊሰጡሽ ይገባል። ብቻ አደራ፣ ቤት ውስጥ እንዳታስወጪው።

መድኃኒቱን አልነቅፍም፣ ስንቷን እናት አትርፏል። የሚያናድደኝ «ድሃ ነሽና እኔ ልወስንልሽ» የሚለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ የ12 እና የ14 ዓመት ጥቁር እህትማማቾችን ፈጽሞ እንዳይወልዱ በቀዶ ሕክምና አመከኗቸው። ቤተሰቡ ድሃ ነበር፤ ማንበብ የማይችሉት እናት የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚሰጧቸው መስሏቸው የፈቃድ ወረቀቱ ላይ የ«ኤክስ» ምልክት አደረጉ፣ በቃ።

ለእኛም ሩቅ አይደለም። ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች፣ ገና እዚህ መጠባበቂያ ካምፕ ሳለን የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ካልወሰዳችሁ አትሄዱም ተባልን ብለው እ.ኤ.አ. በ2012 በቴሌቪዥን ተናገሩ። የእስራኤል መንግሥት አላስገደድንም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2016ም የመንግሥት ኦዲተሩ የማስገደድ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር፣ ኢትዮጵያዊቷ ስለ መርፌው በደንብ ካልገባት እንዳታድሱላት ብሎ ሐኪሞችን አዟል። መጀመሪያውኑ ሳይገባት ለምን ተወጋች?

እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች ተሰብስበው የጀመሩት ንቅናቄ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መውለድ፣ አለመውለድ፣ የወለዱትን በሰላም ማሳደግ። ባለሙያዋ የመጀመሪያውን ነፈገችሽ፣ አማትሽ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን የሚያስብልሽ ግን የለም፤ ለልጆችሽ ወተትና ደብተር የሚገዛ አማካሪ አላየሁም።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 35 ላይ የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት ለሴቶች ሰጥቷል። ስለዚህ ተመልሰሽ ሂጂ፣ የምታምኛት ሴት ትከተልሽ። «ደም እያስቸገረኝ ነው፣ ይውጣልኝ» በያቸው። አሁንም እምቢ ካሉ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ አነጋግሪ፣ ካልሆነ ሌላ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ አገልግሎቱ በነፃ ነው።