ሲሞቅ በአላርም 411 የሚቆም አሮጌ ፍሬዛ

ጥያቄው ባጭሩ፦ ፋኑክ 0-ኤም ኮንትሮል (የማሽኑ ኮምፒውተር) ያለው አሮጌ ሲኤንሲ ፍሬዛ ጠዋት ደህና ይሠራል። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ኤክስ (ጠረጴዛው ከሚሄድባቸው ዘንጎች አንዱ) በጉዞ መሀል ቀጥ ይልና አላርም 411 ይወጣል። አጥፍተው ሲያስነሱት ጥቂት ሠርቶ ይደግመዋል። «ኮንትሮሉ አርጅቷል፣ ይቀየር» ተብለዋል፤ አቅምዎ ግን ለዚያ አይደርስም።

ኮንትሮሉን ገና አይንኩት። 411 ኤክስ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ከታዘዘበት ቦታ ከተፈቀደው በላይ ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ይህን ቆጥሮ የሚያስጠነቅቀው ኮንትሮሉ ራሱ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ በሽተኛው ሌላ ነው፦ ድራይቩ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው ክፍል)፣ ሞተሩ፣ ኬብሉ ወይም የጠረጴዛው መንሸራተቻ።

ምንም ከመፍታትዎ በፊት ግን ፓራሜተሮቹን (በኮንትሮሉ ውስጥ የተመዘገቡትን የማሽኑን ቅንብሮች) ያድኑ። ማህደረ ትውስታው የሚኖረው በሦስት ትላልቅ የዲ ባትሪዎች፣ በድምሩ 4.5 ቮልት ነው። ባትሪ የሚቀየረው ማሽኑ በርቶ እያለ ብቻ ነው፤ አጥፍተው ካወጡት ሁሉም ይጠፋል። የፓራሜተር ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ ያንሱ። ከ900 ጀምሮ ያሉትን በተለይ አይዝለሉ፤ የተገዙት አማራጮች የተመዘገቡት እዚያ ነው። በአርኤስ-232 ኬብል ወደ ኮምፒውተር ማውጣት ከቻሉ የተለመደው አቀማመጥ 4800 ፍጥነት፣ 7 ቢት፣ ኢቭን ፓሪቲ፣ 2 ስቶፕ ቢት ነው። የካቢኔቱን በር ውስጡንም ይዩ፤ ፋብሪካው የላከው ወረቀት እዚያ ተሰክቶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ልኬቱ። በምርመራ ገጽ ላይ ዲጂኤን 800 የኤክስን፣ 801 የዋይን (የሁለተኛውን ዘንግ) ወደኋላ መቅረት ያሳያል። ፓራሜተር 517 ላይ 3000 ከተጻፈ የሉፕ ጌይኑ (ዘንጉ ለትእዛዙ የሚሰጠው ምላሽ ጥንካሬ) በሴኮንድ 30 ነው። ኤክስን በኤፍ1800 (በደቂቃ 1800 ሚሊሜትር) ሲያስኬዱት ፍጥነቱ በሴኮንድ 30 ሚሊሜትር ስለሚሆን፣ 30 ለ30 ሲካፈል 1 ሚሊሜትር ይቀራል። መለኪያው ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ከሆነ ስክሪኑ ላይ 1000 አካባቢ ማየት አለብዎት። ዋይን በዚያው ፍጥነት አስኬደው ያወዳድሩ፤ ከዚያ ማሽኑ ሲሞቅ ይድገሙት።

ቁጥሩ ጠረጴዛው በሚሄድበት ቦታ ላይ እየጨመረና እየቀነሰ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ በተለይም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ነገሩ ሜካኒካል ነው። 1000 ላይ ረግቶ ቆይቶ በቅጽበት ከተተኮሰ ግን ሞተሩ ኃይል ተቋርጦበታል ወይም የኢንኮደሩ (የሞተሩን አቀማመጥ የሚያነበው መሣሪያ) ምልክት ጠፍቷል። እርስዎ የገለጹት ሁኔታ ሁለተኛውን ይመስላል፤ ቢሆንም የመጀመሪያው ርካሽ ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ። ኃይሉን አጥፍተው ቺንጋውን ወይም መጋጠሚያውን ያላቁና ቦል ስክሩውን (ጠረጴዛውን የሚነዳውን ብሎን) ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጅ ያዙሩት። የሚከብድበት ቦታ ካለ የዘይት ቱቦዎቹን መጨረሻቸው ላይ ይፍቱ። ታንኩ ሙሉ መሆኑ ዘይት መድረሱን አያረጋግጥም፤ ማከፋፈያዎቹ በደረቀ ዘይት ይዘጋሉ።

ሞተሩን ሲለኩ አላርሙ እንደወጣ፣ ገና ትኩስ እያለ ይለኩ። የቀዘቀዘ ሞተር ጤነኛ መስሎ ያታልላል። ማሽኑን ያጥፉ፣ 10 ደቂቃ ይጠብቁ፣ የድራይቩ ዲሲ ባስ (ከጠፋ በኋላም ቮልቴጅ የሚይዘው ክፍል) ባዶ መሆኑን በመልቲሜተር ያረጋግጡ። የሞተሩን ሦስት ገመዶች ከድራይቩ ነቅለው በ500 ቮልት ሜገር (የኤሌክትሪክ መከለያ መፈተሻ) ወደ አርድ ይለኩ፦ ከ100 ሜጋኦም በላይ ጥሩ ነው፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ሞተሩ ወይም ኬብሉ ተበላሽቷል። ያኔ የሞተሩን ኮኔክተር ፈትተው ሁለቱን ለየብቻ ይለኩ፤ ማቀዝቀዣ ውሃ የገባበት ኮኔክተር ሙሉ ሞተር እንዳስጣለ አይተናል። ድራይቩ ተያይዞ እያለ ወይም በኢንኮደር ገመድ ላይ ሜገር አይጠቀሙ፤ ያቃጥሉታል። በሰንሰለት መሰሉ የኬብል መተላለፊያ ውስጥ የሚታጠፈውን የኢንኮደር ኬብል ግን ጠረጴዛው ቆሞ እያለ በእጅ እያነቃነቁ ሌላ አላርም እንደሚያመጣ ይዩ።

እስካሁን ንጹሕ ከሆነ የኤክስንና የዋይን ድራይቭ ያቀያይሩ። ይህ የሚሠራው የሁለቱ ሞዴል ቁጥር አንድ ሲሆን ብቻ ነው፤ የትናንሽ ማብሪያዎቹንና የጃምፐሮቹን አቀማመጥም ከየቦታው ጋር ያስተካክሉ። ሲሞቅ አላርሙ ወደ 421 (ለዋይ የሚወጣው ተመሳሳይ አላርም) ከተዛወረ በሽታው ድራይቩ ውስጥ ነው። 411 ላይ ከቀረ ወደ ኬብሉና ሞተሩ ይመለሱ።

በሙቀት የሚጠፋ ድራይቭ ብዙ ጊዜ ከሁለት ነገር አያልፍም። አንደኛው ፋኑ (ማራገቢያው) ነው፤ ይሽከረከር እንደሆነ በዓይን ይዩ፣ ቮልቴጁንና መጠኑን ከላዩ አንብበው ይቀይሩ፣ የካቢኔቱን ማጣሪያም ያጽዱ። ሁለተኛው የደረቁ ካፓሲተሮች ናቸው። መቀየሩ ከባድ አይደለም፦ ማይክሮፋራዱ ያው፣ ቮልቴጁ እኩል ወይም ከዚያ በላይ፣ 105 ዲግሪ የሚችል ዓይነት፤ ፖላሪቲውን ብቻ ልብ ይበሉ። የኮንትሮሉንም 5 ቮልት በሥራ ላይ እያለ ይለኩ፤ ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን ያስጠግኑ።

በኮንትሮሉ ምትክ ማሽኑን በኮምፒውተር ስለሚያዘው ሊነክስሲኤንሲ ሶፍትዌርም ጠይቀዋል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፣ ሜሳ 7አይ77 ካርድም ሰርቮ ድራይቭን በ±10 ቮልት ያዛል። ድራይቮችዎ ዲጂታል ከሆኑ ግን ትእዛዙን የሚቀበሉት ከኮንትሮሉ በሚመጣ ፒደብሊውኤም (ቶሎ ቶሎ የሚበራና የሚጠፋ ምልክት) ስለሆነ ካርዱ በቀጥታ አያናግራቸውም። ኮንትሮሉን ሲጥሉ ድራይቮቹንም አብረው ይጥላሉ፤ ወጪውን የሚያሳብጠው እሱ ነው።