ስለ ገጣሚው ማርቲን ኤስፓዳ ለጠየቃችሁኝ

ስለ ማርቲን ኤስፓዳ ጥያቄ ካላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር። ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ስሙን ገና አሁን ነው የሰማሁት። ማን ነው?

ምን ይቅርታ አለው! በ1957 ብሩክሊን፣ ኒው ዮርክ ተወለደ። በአባቱ በኩል ፖርቶሪኳዊ ነው፤ ፖርቶ ሪኮ በአሜሪካ ሥር ያለች ስፓኒሽ ተናጋሪ የካሪቢያን ደሴት ናት። የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስፓኒሹ ግን በየመሃሉ ብቅ ይላል። የመጀመሪያ መጽሐፉ በ1982 ወጣ። ከአርባ ዓመት በኋላም አዲስ መድብል እያወጣ ነው።

ጥያቄ፦ በግጥሞቹ ውስጥ ያለው ፖለቲካ ከየት መጣ?

ከቤት። አባቱ ፍራንክ ኤስፓዳ ፎቶግራፍ አንሺና የመብት ታጋይ ነበሩ። በ1949 የአየር ኃይል ባልደረባ ሳሉ በአውቶብስ ሲጓዙ፣ ቢሎክሲ፣ ሚሲሲፒ ላይ በዘር መድልዎ ከኋላ ሄደህ ተቀመጥ ተባሉ። አሻፈረኝ አሉ። ለአንድ ሳምንት ታሰሩ። በኋላ ያንን ሳምንት የሕይወቴ ምርጥ ሳምንት ይሉት ነበር። ቀሪ ዘመናቸውን ምን እንደሚሠሩበት የወሰኑት እዚያ ነዋ። የጥቁሮች መብት ታጋይዋ ሮዛ ፓርክስ አውቶብስ ውስጥ ከወንበሬ አልነሳም ያለችው ከዚያ ስድስት ዓመት በኋላ ነው። ልጁ ይህን የአባቱን ታሪክ በግጥም ጽፎታል።

ጥያቄ፦ ጠበቃ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ለእኔ የሥነ ጽሑፉ ቁልፍ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ቦስተን አጠገብ ባለችው ቼልሲ ከተማ፣ አቅም ለሌላቸው ስፓኒሽ ተናጋሪ ተከራዮች ይሟገት ነበር። ጉዳዩ የማይሠራ ማሞቂያ፣ አይጥ፣ ከቤት መባረር ነው። ፍርድ ቤት የሰማውን ወደ ግጥም አመጣው።

አንዷን አጭር ግጥም ልንገራችሁ። አከራዩ ዳኛው ፊት ቆሞ፣ አዎ ቤቱ ውስጥ አይጥ አለ፣ ነገር ግን ተከራዩ ድመት እንዲያሳድግ ፈቅጄለታለሁ ይላል። ደግሞም ጎማውን ኮሪደር ላይ ይከምራል ብሎ ይከሰዋል። ከኤል ሳልቫዶር የመጣው ተከራይ በተንተባተበ እንግሊዝኛ ያምናል። ዳኛው ይቆጣሉ፤ አሁን ጫካ ውስጥ አይደለህም፣ ይህ የሠለጠነ አገር ነው ይሉታል። ፍርዱ ጎማህን አንሳ፣ ድመትህን ያዝ የሚል ነው። አለቀ። ፍርዱ ስለ አይጡ ምንም አላለም! ገጣሚው አንድም የቁጣ ቃል አልጨመረም፤ አንባቢው ግን በንዴት ይቃጠላል።

ሌላም ግጥም አለ። በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከትምህርት በኋላ ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር። ጠበቆች የሚጽፉበትን ደብተር በእጁ በሙጫ ያጣብቃል። ወረቀቱ ጣቱን ይቆርጠዋል፣ ሙጫው ቁስሉን ያቃጥለዋል። ከአሥር ዓመት በኋላ የሕግ ተማሪ ሆኖ ያንኑ ደብተር ሲይዝ፣ የማን እጅ እንደነደደበት ያውቃል።

ጥያቄ፦ እኔ አሜሪካ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ሬስቶራንት ሠራተኞች የጻፈውን ንገረን። (አንዲት እህት)

እህቴ፣ «አላባንሳ» የተባለውን ማለትሽ ነው። ምስጋና ወይም ውዳሴ እንደማለት ነው። መስከረም 11 ቀን 2001 ኒው ዮርክ ውስጥ በተመታው ሕንጻ አናት ላይ፣ ዊንዶውስ ኦን ዘ ወርልድ የሚባል ሬስቶራንት ነበር። እዚያ ሲሠሩ የሞቱ 43 የአንድ የሠራተኛ ማኅበር አባላት ነበሩ። ግጥሙ የተሰጠው ለእነሱ ነው። የሚጀምረው ራሱን በተላጨ፣ ትከሻው ላይ ንቅሳት ባለው አንድ ምግብ አብሳይ ነው። ከዚያ የወጥ ቤቱን ሬዲዮ ያወድሳል፣ ሳህን አጣቢውን ያወድሳል። ሠራተኞቹ የመጡባቸውን አገሮች ይጠራል፤ ኢኳዶር፣ ሜክሲኮ፣ ሄይቲ፣ የመን፣ ጋና፣ ባንግላዴሽ። መጨረሻው ላይ የማንሃተን ጭስና የካቡል ጭስ ሰማይ ላይ ተገናኝተው ያወራሉ። የበቀል ጥሪ በበዛበት ሰዓት ይህን መጻፍ ትልቅ ድፍረት ነው። ከሥራዎቹ ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ፖለቲካ ግጥምን አያበላሽም?

ሰው ከጠፋበት ያበላሻል። እሱም ቢሆን ሁሉም ግጥሞቹ እኩል አይደሉም። አንዳንዶቹ ላይ ምስል በምስል ላይ ይደራረብና ንግግር ወደ መሆን ያደላል። አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዕቃ ሲይዝ ግን የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ አቋሙ ዋጋ አስከፍሎታል?

አዎ። በ1997 ኤንፒአር የተባለው የአሜሪካ ሕዝብ ሬዲዮ ግጥም አዘዘው። እሱም ፖሊስ ገድሏል ተብሎ ሞት ስለተፈረደበት ጋዜጠኛ ሙሚያ አቡ ጀማል ጻፈ። ሬዲዮው አላስተላልፍም አለ። ለ1998ቱ የክረምት ኦሎምፒክ ደግሞ ለናይኪ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግጥም ጻፍ ተባለ። የእስያ ፋብሪካ ሠራተኞችን አያያዝ ጠቅሶ እንቢ አለ። በ2012 አሪዞና ውስጥ የተሰን ከተማ የሜክሲኮ አሜሪካውያን ጥናት ትምህርት ሲታገድ፣ የድርሰቶቹ መጽሐፍም የታገደው ትምህርት ውስጥ ነበረ። ትምህርቱ የታገደበትን ሕግ በ2017 አንድ የፌዴራል ዳኛ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብለዋል።

ጥያቄ፦ ሽልማትስ?

በ2018 የሩት ሊሊ የግጥም ሽልማትን አገኘ፤ 100,000 ዶላር ነው። በ2021 ደግሞ «ፍሎተርስ» በተባለው መድብሉ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አሸነፈ። ርዕሱ አንዳንድ የድንበር ጠባቂዎች ወንዝ ሲሻገሩ ለሰጠሙ ሰዎች የሚጠቀሙበት ስም ነው፤ ተንሳፋፊዎች ይሏቸዋል። በ2019 አንድ የኤል ሳልቫዶር አባትና ሕፃን ልጁ በአሜሪካና በሜክሲኮ ድንበር ላይ ባለው ሪዮ ግራንዴ ወንዝ ውስጥ ሰጥመው የተነሳው ፎቶ ትዝ ይላችኋል? ፎቶው የውሸት ነው ብሎ የተጠራጠረም ነበር። ግጥሙ ለዚያ ሰው መልስ ነው፤ አባትና ልጅን በስማቸው ይጠራቸዋል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው። ከየቱ ልጀምር?

ከጎማውና ከድመቱ ጀምር፤ ግማሽ ገጽ እንኳ አትሞላም። ቀጥሎ የማተሚያ ቤቱን፣ ከዚያ «አላባንሳ»ን። ፖኤትሪ ፋውንዴሽን ድረ ገጽ ላይ ብዙ ግጥሞቹ በነፃ አሉ። እሱ ራሱ ሲያነብ የተቀረጸም ፈልግ። ድምፁ ጎርናና ነው፣ አይቸኩልም፤ ያልገባህ መስመር ሲያነበው ሊገባህ ይችላል።