የ13 ደቂቃ ዕዳ፦ አጥቂ ልጅ ላላት እናት የተሰጠ መልስ

የተከበሩ እህቴ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስቶክሆልም ተወልዶ ያደገውና በመሃል አጥቂነት የሚጫወተው የ17 ዓመት ልጅዎ ለስዊድን ከ19 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን የዝግጅት ልምምድ ተጠርቷል። አንድ ሰው ደግሞ «ቢጫውን ማሊያ አንድ ጊዜ ከለበሰ የዋልያዎቹ በር ለዘላለም ይዘጋበታል፤ ቀድመን አዲስ አበባ እንውሰደው» ብሎዎታል። ይህ እውነት መሆን አለመሆኑንና ለልጁ የእግር ኳስ ሕይወት የትኛው እንደሚበጅ ጠይቀዋል። እኔ ጎተንበርግ በሚገኝ አንድ ክለብ የወጣቶች ቡድን መሪ ሆኜ 12 ዓመት ሠርቻለሁ። ኳሱን የሚያስተምሩት ሌሎች ናቸው፤ የምዝገባውን፣ የዝውውሩንና የፓስፖርቱን ወረቀት የማገላብጠው እኔ ነኝ። ስለዚህ የምነግርዎት በአብዛኛው ከወረቀቱ ወገን ያየሁትን ነው።

ሰውየው የነገረዎት ስሕተት ነው። ለልምምድ መጠራት፣ ከቡድኑ ጋር ሆቴል ማደር፣ በወዳጅነት ጨዋታ መሰለፍም ቢሆን ተጫዋቹን ከአንድ አገር ጋር አያስረውም። የሚያስረው የነጥብ ጨዋታ ነው፤ ማለትም የማጣሪያ ወይም የዋንጫ ውድድር ግጥሚያ። ያም ሆኖ የነጥብ ጨዋታው በታዳጊ ወይም በወጣት ቡድን ደረጃ የተደረገ ከሆነ ተጫዋቹ በኋላ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል። በዚያን ጊዜ ሌላውን ዜግነትም ይዞ ከነበረ ነገሩ ቀላል ነው፤ ካልነበረው ደግሞ ለፊተኛው አገር የመጨረሻ የነጥብ ጨዋታውን ያደረገው 21 ዓመት ሳይሞላው መሆን አለበት። ኒው ዮርክ ተወልዶ ለንደን ያደገው፣ ወላጆቹ ናይጄሪያውያን የሆኑት ፎላሪን ባሎገን ለእንግሊዝ ከ21 ዓመት በታች ቡድን ሲጫወት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 አሜሪካን መረጠ፤ በቀጣዩ ወርም በሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ አገሮች ውድድር፣ በኮንካካፍ ኔሽንስ ሊግ ፍጻሜ ካናዳ ላይ ግብ አስቆጠረ። ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የመረጠበትን ጊዜ ነው። በውሰት በተሰጠበት በፈረንሳዩ ክለብ በሬምስ በአንድ የውድድር ዘመን 21 የሊግ ግቦች ካስቆጠረ በኋላ፣ ሦስት አገሮች ዓይናቸውን ጥለውበት ሳለ ነው የወሰነው እንጂ በ17 ዓመቱ ማንም አጣድፎት አይደለም።

አደገኛው ነገር በዋናው ብሔራዊ ቡድን የሚደረግ የነጥብ ጨዋታ ነው። እዚህ ላይ የሙኒር ኤል ሃዳዲን ታሪክ ሳልነግርዎት ባልፍ በደል ይሆንብኛል፤ ወደ ቢሮዬ ለሚመጡ ወላጆች ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነውና። ሙኒር ከሞሮኮ ቤተሰብ ስፔን ውስጥ የተወለደ አጥቂ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 ለባርሴሎና በሊግ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ኤልቼ ላይ ግብ አስቆጠረ። ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ የስፔን አጥቂ የነበረው ዲዬጎ ኮስታ በመጎዳቱ በምትኩ ለስፔን ዋና ቡድን ተጠራ። መስከረም 8 ቀን ቫሌንሲያ ላይ ከመቄዶንያ ጋር በተደረገው የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ በ77ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ። 19 ዓመት ከሞላው ገና አንድ ሳምንቱ ነበር። ስፔን 5 ለ 1 አሸነፈች፤ ጨዋታው አስቀድሞ ያለቀ ስለነበር የእርሱ መግባት ለውጤቱ አንዳች ነገር አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ለስፔን ዋና ቡድን አንድም ደቂቃ አልተጫወተም። ሞሮኮ ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ ልታሰልፈው ብትፈልግም ፊፋ ከለከለ፤ ጉዳዩ የቀረበለት የስፖርት የግልግል ፍርድ ቤትም ይግባኙን ውድቅ አደረገው። እነዚያ 13 ደቂቃዎች የነጥብ ጨዋታ ደቂቃዎች ነበሩና።

የፊፋ ጉባኤ ደንቡን ያላላው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ነው። አሁን በዋናው ቡድን የነጥብ ጨዋታ ያደረገ ተጫዋች አገር መለወጥ የሚችለው በዋናው ቡድን የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ከሦስት ካልበለጡ፣ የመጨረሻውን ሲጫወት 21 ዓመት ካልሞላው፣ ከዚያ ጨዋታ ወዲህ ቢያንስ ሦስት ዓመት ካለፈ፣ ከማጣሪያው በኋላ በሚደረገው በራሱ በዓለም ዋንጫ ወይም እንደ አውሮፓና አፍሪካ ዋንጫ ባለ የአህጉር ውድድር ላይም ካልተሰለፈ ነው። ለውጡ የሚፈቀደው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሙኒር በዚህ መንገድ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ፈቃድ አግኝቶ በመጋቢት ለሞሮኮ ተሰለፈ። ለ13 ደቂቃ ከስድስት ዓመት በላይ ከፈለ ማለት ነው፤ እነዚያ ስድስት ዓመታት ደግሞ አንድ አጥቂ ከ19 እስከ 25 ዓመቱ ያለው ምርጥ ጊዜ ናቸው።

ከእርሱ ጋር አነጻጽረው እንዲያዩት ኢንያኪ ዊሊያምስን ላንሳ። ጋናውያን ወላጆቹ ሰሃራን በእግራቸው አቋርጠው ስፔን የገቡ ስደተኞች ናቸው፤ እርሱ ቢልባኦ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ከቦስኒያ ጋር በተደረገ ጨዋታ ለስፔን ተሰልፏል። ይሁን እንጂ ጨዋታው የወዳጅነት ስለነበር በደንቡ ፊት እንዳልተጫወተ ይቆጠራል። ስለዚህ በ2022 ጋናን ለመምረጥ ፍርድ ቤት መቆም አላስፈለገውም። በኳታሩ የዓለም ዋንጫ ጋና ከፖርቱጋል ጋር ስትጫወት የሆነውን ያስታውሱ ይሆናል። ጋና 3 ለ 2 እየተመራች ጭማሪ ደቂቃው ሊያልቅ ሲል የፖርቱጋሉ በረኛ ኢንያኪ ከጀርባው መኖሩን ሳያውቅ ኳሱን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ ኢንያኪ ኳሱን ነጠቀው፣ ግን እግሩ ተንሸራተተበት። እኛ ቤት ሁላችንም ከሶፋው ተነሥተን ነበር፤ ለጋና ስንጮህ ጎረቤት ምን እንዳለን እንጃ። ታናሽ ወንድሙ ኒኮ በዚያው ውድድር የስፔንን ማሊያ ለብሶ ነበር፤ በ2024ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜም እንግሊዝ ላይ የመጀመሪያውን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው። አንድ እናት የወለደቻቸው ሁለት ልጆች በሁለት ባንዲራ ሥር ተሰለፉ፤ ማንም ከሐዲ አላላቸውም።

ዲዬጎ ኮስታ ግን ተብሏል። ብራዚላዊው አጥቂ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ለብራዚል ሁለት የወዳጅነት ጨዋታዎችን አድርጎ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ስፔንን መረጠ። በ2014ቱ የዓለም ዋንጫ ሳልቫዶር ከተማ ላይ ስፔን በኔዘርላንድስ 5 ለ 1 ስትሸነፍ የገዛ አገሩ ሕዝብ ኳስ በነካ ቁጥር ይጮኽበት ነበር። ኋላ ለስፔን በ24 ጨዋታዎች 10 ግቦችን አስቆጥሯል። ይህን የማነሣው ልጅዎን ለማስፈራራት ሳይሆን፣ ምርጫው ደንቡ ቢፈቅድም እንኳ የሰው አፍ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቀው ነው።

አሁን ወደ እኛው ጉዳይ ልምጣ፤ እውነተኛው በር ያለው እዚህ ነውና። ብዙዎቻችን ፊፋን እንፈራለን፤ ለኢትዮጵያ ልጆች መንገዱን የሚያጠበው ግን ፊፋ ሳይሆን የራሳችን የዜግነት ሕግ ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጥምር ዜግነትን ትፈቅዳለች። ኢትዮጵያ ግን በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት አትፈቅድም፤ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። እዚህ ላይ መመለስ ያለብዎት ጥያቄ አንድ ነው። ልጁ በተወለደበት ዕለት ከእርስዎና ከአባቱ አንዳችሁ እንኳ ኢትዮጵያዊ ነበራችሁ? ከነበራችሁ ልጁ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው። ነገር ግን 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ የስዊድን ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚያጸና ካላስታወቀ፣ ሕጉ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ሁለታችሁም አስቀድማችሁ ስዊድናዊ ሆናችሁ ከነበረ ደግሞ ከመጀመሪያውም በሕጉ ዓይን ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ፊፋ የሚጠይቀው ቋሚ ዜግነትን ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ በቂ አይደለም።

ይህን የተማርኩት በአንድ ልጅ ላይ ነው። ከእኛ ክለብ የወጣ፣ በግራ እግሩ የሚመታ፣ የተከላካይን ትከሻ ተገን አድርጎ መዞር የሚያውቅ የ18 ዓመት አጥቂ ነበር። ራሱን ወኪል ብሎ የሚጠራ ሰው ለቤተሰቡ «ብሔራዊ ቡድኑ ይፈልገዋል» አላቸው፤ የአውሮፕላን ትኬቱንና «የወረቀት ማስጨረሻ» የተባለውን ገንዘብ ከኪሳቸው አወጡ። ልጁ በጥር ወር፣ ስዊድን ውስጥ ክለቦች ለአዲሱ የውድድር ዘመን በሚዘጋጁበት ሰዓት፣ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ተቀመጠ። ሲመለስ ቢሮዬ ገባና ቢጫ ካርድ የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ኢትዮጵያዊ ነህ ይላል» አለኝ። ካርዱን አገላብጬ አየሁት። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ የሥራ ፈቃድ ያሠራል፣ ብሔራዊ ቡድን ግን አያሰልፍም። አብሮት የመጣው አባቱ ከበሩ ላይ ሆኖ «ሜዳ ሳይገባ ቢጫ ያየ አጥቂ የእኔ ልጅ ብቻ ሳይሆን አይቀርም» ሲል ሦስታችንም ሳቅን፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። እርሱ በሌለበት ቦታውን የያዘው ልጅ በሁለት የዝግጅት ጨዋታዎች ሦስት ግብ አስቆጥሮ ነበርና አሠልጣኙ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ዛሬ ኤሌክትሪሻን ሆኖ እየሠራ በታችኛው ዲቪዚዮን ይጫወታል።

ይህ ማለት ከውጭ የሚመጣ አጥቂ ለዋልያዎቹ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት በ2013ቱ የደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ከአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ስብስብ ውስጥ ከአሜሪካ ፉአድ ኢብራሂም፣ ከስዊድኑ ሲሪያንስካ ክለብ ደግሞ ዩሱፍ ሳላህ ነበሩበት። እኔም ያን ጊዜ ሥራዬን ጥዬ ጨዋታውን ያየሁ ሰው ነኝ። ሆኖም ልጅዎ ዛሬ ሕጉ በሚጠይቀው መንገድ ኢትዮጵያዊነትን ቢመርጥ የሚያስረክበው ፓስፖርት ምን እንደሚያደርግለት አስቀድሞ መቆጠር አለበት።

በስዊድን ፓስፖርት፣ ልጁ 16 ዓመት ከሞላው ወደ ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ክለብ መዛወር ይችላል፤ ከኅብረቱ ውጭ ላለ ተጫዋች ግን ፊፋ ከ18 ዓመት በታች የሚደረግን ዓለም አቀፍ ዝውውር በመሠረቱ ይከለክላል። እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች (ከብሬግዚት) ወዲህ ለውጭ ተጫዋቾች የሥራ ፈቃድ የምትሰጠው በነጥብ ሥርዓት ነው፤ ከነጥቡ አንዱ ምንጭ ለብሔራዊ ቡድን መሰለፍ ሲሆን፣ ቡድኑ በፊፋ ደረጃ እስከ 50ኛ ካልሆነ ሚዛኑ በጣም ይቀንሳል። ዋልያዎቹ ያሉበትን ደረጃ ያውቁታል። የአፍሪካ ዋንጫም ብዙውን ጊዜ የሚካሄደው የአውሮፓ ሊጎች መሃል ላይ ነው፤ ቦታው ገና ላልጸና አጥቂ አንድ ወር መቅረት ከጉዳት አይተናነስም።

የእርስዎ ልጅ ጎረቤት የሆነውን አሌክሳንደር ኢሳክን ያስቡ። ከኤርትራውያን ወላጆች ሶልና ተወልዶ፣ በስቶክሆልሙ ክለብ በኤአይኬ አድጎ፣ በ17 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ለስዊድን ዋና ቡድን ተሰልፎ ግብ አስቆጠረ፤ በዚያው ወር የጀርመኑ ዶርትሙንድ ገዛው። ጋዜጣው ሁሉ ስለ ማሊያው ጻፈ። ዶርትሙንድ ውስጥ ግን በአብዛኛው ወንበር ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ማሊያው አላነሣውም። ያነሣው በ2019 በውሰት የሄደበት የኔዘርላንድሱ ቪለም ትዌ ነው፤ በ16 የሊግ ጨዋታዎች 13 ግብ አገባ። ከዚያ ሪያል ሶሲዬዳድ፣ ከዚያ ኒውካስል፣ በ2025 ደግሞ በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ሊቨርፑል። ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ስፔን ሲዘዋወር አንድም የሥራ ፈቃድ ጣጣ አልነበረበትም።

ስለዚህ ልጁ ወደ ልምምዱ ይሂድ፤ የሚዘጋበት በር የለም። ለዋናው የስዊድን ቡድን ለነጥብ ጨዋታ የሚጠራበት ቀን ከመጣ ያን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ትመክራላችሁ። ለዚያ ሰው ግን አንድ ክሮና እንዳይሰጡት፤ እውነተኛ ጥሪ በደብዳቤ ከፌዴሬሽን ወደ ክለቡ ይመጣል እንጂ በዋትስአፕ ለእናት አይላክም። በዚህ ሳምንት የልጁን የልደት ምስክር ወረቀትና የእርስዎንና የባለቤትዎን የስዊድን ዜግነት ማረጋገጫ አውጥተው ቀኖቹን ጎን ለጎን ያስተያዩ፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከልደቱ በኋላ ከሆነ ዜግነት የወሰዳችሁት፣ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ኤምባሲ ሄደው በሥራ ላይ ያለውን ሕግ በጽሑፍ ያስነግሩ። ለልምምዱም ሁለት ጥንድ ጫማ ያስይዙት፤ የሚሰጣቸው ሜዳ ሰው ሠራሽ ሣር ይሁን የተፈጥሮ አስቀድሞ አይነገራቸውም።