አራት የመኪና መስመር ሳይቀነስ ለብስክሌት ቦታ ይገኛል?

«25 ሜትር ስፋት ያለው የሰፈራችን መንገድ ሊታደስ ነው፤ አራቱን የመኪና መስመር ሳንነካ የብስክሌት መስመር በቀለም ቢሰመርልን ይበቃል ወይ?» ላሉት፦ አይበቃም። ቀለም ታክሲ አያቆምም። ወያላው ተሳፋሪ ሲያይ ሾፌሩ የሚጠጋው እዚያው ቀለም ላይ ነው፤ ብስክሌተኛው ያን ለማለፍ መኪና መሃል ይገባል።

ቦታው ግን አለ። መስመሮቹ እያንዳንዳቸው 3.5 ሜትር ከሆኑ የውስጦቹን 3፣ አውቶቡስ የሚሄድባቸውን የዳሮቹን 3.25 ማድረግ ይቻላል፤ በድምሩ 12.5 ሜትር። መሃል 2 ሜትር አካፋይ፤ በየጎኑ ብስክሌቱን ከመኪናው የሚለይ 0.5 ሜትር መለያ፣ 2 ሜትር የብስክሌት መንገድ፣ 2.75 ሜትር የእግረኛ መንገድ። ልክ 25 ይመጣል። የመስመሩ መጥበብ ፍጥነትም ይቀንሳል። በ50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሰከንድ ቢወስድበት፣ በደረቅ አስፋልት ለመቆም 28 ሜትር ገደማ ይፈጅበታል፤ በ30 ከሆነ 13 ሜትር ገደማ።

ከእግረኛው መንገድ 2.75 ሜትር ውስጥ 2ቱ ፍጹም ክፍት ይሁን። የመብራት ምሰሶ፣ ዛፍ፣ ሊስትሮ በቀረው 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ይደርደሩ። የብስክሌቱ መንገድ ከእግረኛው እኩል ከሆነ ሰው ይሄድበታል (አይፈረድበትም፣ ብዙ ጊዜ ንጣፉ የተሻለ ነው)። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ጠርዙም ፔዳል እንዳይመታው ሰያፍ ይሁን። የውሃ መውረጃው ፍርግርግ ብረት ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ትይዩ ከተገጠመ ጎማ ይሰነቀርበታል፤ አግድም ይግባ። የብረት ክዳን ስለሚሰረቅ ኮንክሪት ይሻላል።

በየግቢው በር የእግረኛውን መንገድ ዝቅ እያደረጉ መሥራት የተለመደ ጥፋት ነው። ዊልቸር የሚገፋ ሰው በየ15 ሜትሩ ሲወርድና ሲወጣ ይውላል። የእግረኛው መንገድ ከፍታውን ሳይለቅ ይቀጥል፣ መኪናው በላዩ ወጥቶ ይለፍ።

ማቋረጫ ላይ ዜብራውን ራሱን 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ መሥራት ከማንኛውም ታፔላ በላይ ይሠራል። ነገር ግን ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፤ ውሃው ከሚመጣበት በኩል፣ ከዜብራው በፊት፣ ማስገቢያ ያስፈልገዋል። አካፋዩም እዚያ ላይ ይከፈት፣ ሰው መሃል ቆሞ ሁለተኛውን አቅጣጫ እንዲያይ። «የእግረኛ ድልድይ ይሠራልን» የሚል ሐሳብ ከመጣ አይቀበሉ፦ 6 ሜትር ከፍታ ማለት 40 ደረጃ ወጥቶ 40 መውረድ ነው፣ ሰው ከሥር ያቋርጣል። ቀለበት መንገድ ላይ የምናየው ነው።

ፌርማታው መገናኛውን ካለፉ በኋላ ይሁን፤ ከመገናኛው በፊት ከሆነ የቆመው አውቶቡስ ዜብራው ላይ ያለውን ሰው ይሸፍነዋል። ፌርማታው ላይ የብስክሌቱ መንገድ ወደ 1.5 ሜትር ጠብቦ ከእግረኛው እኩል ይውጣ። የተረፈው 0.5 ከመለያው ጋር ሲደመር ለሚወርድ ተሳፋሪ 1 ሜትር መርገጫ ይሆናል።

ዲዛይኑን ሲያሳዩዎት አንድ ንጹህ ክሮስ ሴክሽን (መንገዱ አግድም ተቆርጦ ሲታይ የሚያሳይ ሥዕል) ይዘው ነው የሚመጡት። በፌርማታ፣ በግቢ በርና በመታጠፊያ ላይ የተሣለውን ይጠይቁ። ካልተሣለ ሳይት ላይ ፎርማኑ ነው የሚወስነው።